ሳልሰማት የፈረድኩባት ልጅ

ጡረታ ከወጣሁ ሰባት ወር ሆነኝ። ሰፈር ውስጥ የሚያገኘኝ ሁሉ «ቲቸር፣ ሥራው አልናፈቀዎትም?» ይለኛል። እኔም ሰውን ላለማስቀየም «እንዴት አይናፍቀኝ» እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን እፎይ ብያለሁ። ጠዋት አሥራ አንድ ተኩል ላይ መነሳት ቀረ። ስልክ ሲጮህ «ዛሬ ደግሞ ማን ከማን ተጣላ?» ብሎ መደንገጥ ቀረ። የጡረታው ወረቀት እንኳ አልቋል። በአንዱ ፋይል እታፈራሁ፣ በሌላው እታፈራው ተብዬ ስለተጻፍኩ፣ ሁለቱም እኔው መሆኔን ለማስረዳት አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ።

ይህን እንድጽፍ የገፋፋችኝ ልጄ ሊዲያ ናት። «እማዬ፣ ሥራሽን የምትጽፊ ከሆነ የእኔንም ሳትደብቂ ጻፊው» አለችኝ። እሷ ባትፈቅድልኝ ኖሮ ዋናውን ነገር ልተወው ነበር። ዋናውን ከተውኩ ደግሞ የሚጻፍ ብዙም የለኝም።

ሥራ የጀመርኩት ጎጃም ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ የአማርኛ አስተማሪ ሆኜ ነው። ርዕሰ መምህራችን አቶ ደምሴ ይባሉ ነበር። ደግ ሰው ነበሩ፤ አዲስ አስተማሪ ሲመጣ ቤት እስኪያገኝ በራሳቸው ቤት ያሳድሩ ነበር። የተማሪ ጠብ ሲመጣባቸው ግን ሁለት ደቂቃ አይፈጅባቸውም። የተጣሉትን ጎን ለጎን ያንበረክኩና ፊታቸውን ያያሉ። ያለቀሰውን ይለቃሉ፣ ያላለቀሰውን ይቀጣሉ። «አየሽ፣ ያጠፋ ልጅ ዓይኑ ይደርቃል» ይሉኝ ነበር። ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ትልቅ ጥበብ የተማርኩ መሰለኝ።

አዲስ አበባ የገባሁት ባለቤቴ ሥራ ሲቀየርለት ነው። ሁለት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ውስጥ ካስተማርኩ በኋላ፣ ከቀራንዮ ወደ አየር ጤና በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ያለ አንድ የካቶሊክ ትምህርት ቤት አስተማሪ እንደሚፈልግ ሰምቼ አመለከትኩ። ደመወዙ ትንሽ ይሻል ነበር፣ ከቤቴም በእግር ያስኬዳል። እናቴ ግን ወሬውን ስትሰማ «ሃይማኖትሽን ሊያስቀይሩሽ ነው» ብላ ለመድኃኔዓለም ተሳለች። ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቼ ስወጣ ያው የመድኃኔዓለም ልጅ ነኝ። ማንም ቀይሪ ያለኝ የለም። እንዲያውም ጾም ሲገባ ከአስተማሪዎቹ ማን ኦርቶዶክስ፣ ማን ካቶሊክ እንደሆነ በምሳ ዕቃው መለየት አይቻልም ነበር፤ ሁላችንም ሽሮ ነው የምንከፍተው። የሙስሊም ወላጆች ልጆችም ነበሩን። ረመዳን ሲሆን የስፖርት ክፍለ ጊዜያቸው ወደ ጠዋት ይዛወርላቸዋል።

ይህን ሁሉ የምታስተካክለው ሲስተር ወርቅነሽ ነበረች። አንቱ ነው የምላት፤ ሳስባት ግን አንቺ ሆና ነው የምትመጣልኝ፤ ስለዚህ እዚህም አንቺ ልበላት። ሲስተር ከጉራጌ አገር የመጣች አጭር መነኩሲት ናት። ስትራመድ ቶሎ ቶሎ፣ ስታወራ ቀስ ብላ። ሥራዋ በወረቀት ላይ ምክትል ርዕሰ መምህርት ይላል። ሰው የሚያውቃት ግን በአስታራቂነቷ ነው።

አንድ ቀን ሁለት የአምስተኛ ክፍል ሴት ልጆች ፀጉር ተጓትተው ይዣቸው ቢሮዋ ገባሁ። እኔ «ይቅጧቸው» ብዬ ልወጣ ስል «ተቀመጪ» አለችኝ። ሁለት ወንበር ጎን ለጎን አደረገች፤ ፊት ለፊት አይደለም፣ ሁለቱም ወደ መስኮቱ እንዲያዩ። ውሃ ሰጠቻቸው። እሷ ወደ ጎን ዞር ብላ ተቀመጠችና ከመሳቢያዋ የተማሪ ሹራብ፣ መርፌና የቁልፍ ጣሳ አወጣች። ቁልፍ መትከል ጀመረች። በኋላ ስጠይቃት «ልጅ ፊቱን ትክ ብለሽ ካየሽው የሚያወራው ለፊትሽ ነው። እጄ ሥራ ሲይዝ ግን ነገሩን ያወራል» አለችኝ። ማስታወሻም አትይዝም ነበር።

«ማን ጀመረ?» የሚል ጥያቄ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። «ምን ሆነ?» ትላለች፣ ከዚያ በኋላ «ከዚያስ?» ብቻ ነው። የመጀመሪያዋ ልጅ ስትጨርስ ሲስተር ወደ ሁለተኛዋ ዞራ «አሁን አንቺ የእሷን ንገሪኝ። የራስሽን አይደለም፣ የእሷን» አለቻት። ልጅቷ ጀመረች፣ ተሳሳተች። «አይደለም!» አለች ያቺኛዋ። እንደገና ጀመረች። የመጀመሪያዋ ልጅ «አዎ፣ እንደዚህ ነው» እስክትል ድረስ ሦስት ጊዜ ተነገረ። ከዚያ ተራ ተቀያየሩ። ግማሽ መንገድ ላይ ሁለቱም መሳቅ ጀመሩ።

«በቃ ይቅር ተባብለናል ሲስተር» አሉ።

«ዛሬ አልቀበልም» አለች ሹራቡን እያጠፈች። «ነገ ጠዋት ከሰልፍ በፊት ኑ። ያኔም ይቅር የምትባባሉ ከሆነ እሰማችኋለሁ።»

ከሄዱ በኋላ «ለምን ከለከሏቸው?» አልኳት።

«የዛሬው ከዚህ ክፍል ለመውጣት የሚባል ነው» አለች። «የነገውን ግን አስበውበት ነው የሚያመጡት።»

በማግስቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው መጡ። እኔ ይህን ሁሉ አይቻለሁ። ስድስት ዓመት አጠገቧ ሆኜ አይቻለሁ። ማየትና መልመድ የተለያዩ መሆናቸውን ያወቅኩት ግን ዘግይቼ ነው።

ከስድስት ዓመት በኋላ ዩኒት ሊደር አደረጉኝ። ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያሉ ልጆች የሥነ ሥርዓት ጉዳይ በእኔ እጅ ሆነ። ልጄ ሊዲያ ያኔ እዚያው ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍል ለ ነበረች። ከአስቴር ጋር አንድ ዴስክ ነው የሚቀመጡት። አስቴር ረጅም፣ ዝምተኛ ልጅ ናት። ቤተሰቦቿ ከከፋ የመጡ ናቸው፤ እናቷ ወይዘሮ አየለች አየር ጤና ላይ ማርና ኮረሪማ የምትሸጥበት ሱቅ አላት። ሱቋን በጊዜ ስለምትከፍት አስቴርን ማንም ሳይመጣ ጠዋት በር ላይ አድርሳት ትሄዳለች። ሊዲያ ደግሞ በተቃራኒው ናት፤ ማታ እኔ ሥራዬን እስክጨርስ ግቢ ውስጥ ትጠብቀኛለች። አንዷ መጀመሪያ የምትገባ፣ አንዷ መጨረሻ የምትወጣ።

በዚያ ዓመት እያንዳንዱ ክፍል ከግቢው ጀርባ የአትክልት መደብ ተሰጥቶት ነበር። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ። በወላጆች በዓል ቀን ወላጅ ሁሉ እየዞረ አይቶ አሸናፊው ክፍል ይሸለማል። የልጆቹ ፉክክር ከትምህርቱ በልጦ ነበር፤ በተለይ የሰባተኛ ሀ እና የሰባተኛ ለ።

የበዓሉ ቀን ጠዋት ግቢ እንደገባሁ ዘበኛው እየሮጠ መጣ። የሰባተኛ ሀ መደብ ተነቅሏል። ሄጄ አየሁ። ጎመኑ ከነሥሩ ተመዞ መሬት ላይ ተበትኗል። ገሚሱ ደግሞ ተመልሶ፣ ጠማማ ጠማማውን ተተክሏል። ይህን በዓይኔ አየሁ። ምን ማለት እንደሆነ ግን ቆም ብዬ አላሰብኩም። መደቡ ዳር አስቴር ቆማለች። ጫማዋ፣ ካልሲዋ፣ እጇ ሁሉ ጭቃ ነው።

ሲስተር በዚያ ሳምንት ሱባኤ ገብታ የለችም። ርዕሰ መምህሩ «ወላጆች ሦስት ሰዓት ላይ ይገባሉ፤ የሰባተኛ ሀ ልጆች እያለቀሱ ነው፤ ቶሎ ጨርሺልኝ» አሉኝ። አስቴርን ቢሮዬ አስገብቼ ጠረጴዛዬ ፊት አቆምኳት። እስክሪብቶና ወረቀት ይዣለሁ።

«ይሄ ሁሉ ጭቃ ምንድን ነው?»

«ልተክላቸው ነበር ቲቸር።»

«ማን ነቅሎት ነው አንቺ የምትተክይው?»

«አላውቅም። ስመጣ ተነቅሎ ነው ያገኘሁት።»

«ስንት ሰዓት መጣሽ?»

«አንድ ሰዓት ሳይሞላ።»

«ግቢ ውስጥ ካንቺ በፊት የመጣ ተማሪ ነበር?»

«የለም።»

«የለም» ብዬ ጻፍኩ። ቀና ብዬ ፊቷን አየሁት። አላለቀሰችም። አቶ ደምሴ ትዝ አሉኝ። በቃ፣ ለእኔ አለቀ።

ሰልፍ ላይ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ቆሞ ነበር። ማይኩን ይዤ «አንዷ ተማሪያችን የጓደኞቿን ልፋት አበላሽታለች፤ አሁን ይቅርታ ትጠይቃለች» አልኩና ለአስቴር ሰጠኋት። ማይኩን ይዛ እኔን አየችኝ። «በይ» አልኳት። «ሰባተኛ ሀዎች፣ ይቅርታ» አለች። ድምጿ በድምፅ ማጉያው እንኳ በደንብ አልተሰማም። ወደ ክፍሏ መስመር ስትመለስ ልጆቹ ሸሸት አሉላት። ሊዲያ ከጎኗ ነበረች፤ አንገቷን ደፍታ መሬት መሬት ታያለች። ልጄ በጓደኛዋ አፍራ ነው ብዬ አሰብኩ።

ወይዘሮ አየለች ሰኞ ጠዋት መጣች። አልጮኸችም።

«ልጄ የሰው ነገር አታጠፋም» አለችኝ። «ጠይቀሻታል?»

«ጠይቄያታለሁ።»

«የመለሰችልሽንስ ሰምተሻል?»

ስለ ትምህርት ቤቱ ደንብ ብዙ አወራሁ። ስጨርስ «መሸኛዋን ስጪኝ» አለች። ፈርሜ ሰጠኋት። አስቴር ሰፈሩ ያለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ገባች። ከዚያ በኋላ ወይዘሮ አየለች አየር ጤና ላይ ስታየኝ ዓይኗን ወደ ሌላ ታዞራለች።

ሲስተር ስትመለስ «አስቴር የት አለች?» ብላ ጠየቀች። ነገርኳት። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ያለችሽን መልሰሽ ነግረሻት ‹አዎ፣ እንደዚህ ነው› አለችሽ?» ጊዜ አልነበረም አልኳት። ከመሳቢያዋ መርፌዋን አውጥታ ቁልፍ መትከል ጀመረች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓመት አለፈ። አንድ ቅዳሜ ሊዲያና እኔ ከገመድ ላይ ልብስ እያወረድን እናጥፋለን። በዚያ ሳምንት ስለ ዋሸች አንዲት ተማሪ እያወራሁላት «እኔ ደግሞ የሚዋሽ ልጅ ገና ዓይኑን ሳየው አውቀዋለሁ» አልኩ።

«አታውቂም!» አለች።

ደነገጥኩ። ልጄ እንደዚያ ጮኻብኝ አታውቅም።

«አታውቂም እማዬ። እኔ ነኝ የነቀልኩት። ጎመኑን። እኔ ነኝ።»

የያዘችውን አንሶላ ፊቷ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። ነገሩን ያወጣችልኝ ቁርጥራጭ ቁርጥራጩን ነው። የሰባተኛ ሀ ልጆች «አስተማሪዎቹ ማርክ የሚሰጡሽ እናትሽ ዩኒት ሊደር ስለሆነች ነው» እያሉ ይሰድቧት ነበር። የበዓሉ ዋዜማ ዕለት እኔ አዳራሽ ሳስጌጥ አምሽቼ እሷ ግቢ ውስጥ ብቻዋን ትጠብቀኛለች። ሄዳ ነቀለችው። ስትነቅል እንኳ ይህን ያህል መሆኑን አላወቀችም።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጠዋት ልነግርሽ ስል አስቴርን ሰልፍ ላይ አቆምሻት። ከዚያ በኋላ እንዴት እነግርሻለሁ?»

ምን እንደተሰማኝ ላስውብ አልፈልግም። መጀመሪያ በልጄ ተናደድኩ። ቀጥሎ የመጣልኝ ሐሳብ «ማንም አያውቅም» የሚል ነበር። ዓመት አልፏል፣ ልጅቷ ሌላ ትምህርት ቤት ገብታለች፣ ለምን ይነካካል? ቅዳሜንና እሑድን ይህን ሐሳብ ይዤ ዋልኩ፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያንም ይዤው ሄድኩ፣ ይዤው ተመለስኩ። ሰኞ ጠዋት የመልቀቂያ ማመልከቻ ጽፌ ሲስተር ቢሮ ገባሁ።

ቆማ አነበበችው። ሁሉንም ነገርኳት። ወረቀቱን አጥፋ መለሰችልኝ።

«ይሄ ለማን ነው የተጻፈው?»

«ለትምህርት ቤቱ ነዋ።»

«የበደልሽው ትምህርት ቤቱን ነው?»

ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

«በማይክ ያዋረድሻትን ልጅ በወረቀት አታነሻትም» አለችኝ። «መጀመሪያ ማይኩን ያዢ። ከዚያ መልቀቅ ከፈለግሽ ትለቂያለሽ።»

«ሊዲያስ?»

«የአንቺን አንቺ ተናገሪ። የሊዲያ የሊዲያ ነው። ዛሬ የልጅሽን ስም ብታወጪ ሌላ ልጅ ሰልፍ ላይ አቆምሽ ማለት ነው፤ ምኑን ተማርሽው?»

ርዕሰ መምህሩ አልወደዱትም። «ወላጅ ምን ይለናል? ተማሪስ ከዚህ በኋላ ይፈራሻል?» አሉ። ሲስተር «ባይፈሯት ይሻላል» አለቻቸው። እሳቸው ተነፈሱና ፈቀዱ።

በማግስቱ ማይኩን ያዝኩ። «አምና እዚህ ቦታ አስቴርን ይቅርታ አስጠይቄያታለሁ። አስቴር አላጠፋችም። ጫማዋ የጨቀየው የተነቀለውን መልሳ ስትተክል ነው። ነግራኛለች፤ እኔ አልሰማኋትም። ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። ከኋላ አንድ ተማሪ «ታዲያ ማን ነው?» አለ። «እሱን እኔ አልናገርም» አልኩ። ዓይኔ ወደ ስምንተኛ ክፍል መስመር ሄደ። ሊዲያ እንደ እንጨት ደርቃ ቆማለች። በልቤ «ምናለ ብትወጪ» አልኳት። አልወጣችም።

አሁን የቀረው አየር ጤና ሄዶ ወይዘሮ አየለች ሱቅ መግባት ነበር። አልሄድኩም። ትምህርት ቤት ሙሉ ፊት የተናገርኩ ሴት፣ አንድ የማር ሱቅ መግባት አቃተኝ። ፈተና ደርሷል አልኩ፣ ጉንፋን ይዞኛል አልኩ፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ አልኩ። ሁለት ቅዳሜ አለፈ።

ከሁለተኛው ቅዳሜ በኋላ ባለው ሰኞ ከሰዓት ዘበኛው «እንግዳ አለዎት» አለኝ። በር ላይ ወይዘሮ አየለች ቆማለች።

«ልጅሽ ቀደመችሽ» አለችኝ።

አልገባኝም።

«ቅዳሜ ሱቄ መጣች። ብቻዋን፣ በታክሲ። ከደንበኛ ጋር እያወራሁ ዘው ብላ ገብታ ‹ጎመኑን የነቀልኩት እኔ ነኝ› አለችኝ። ‹ምን ጎመን? እዚህ ማር ነው የሚሸጠው› አልኳት።» ሳቋ መጣና ያዘችው። «ከዚያ ማን መሆኗን ሳውቅ... በጣም ተቆጣሁ፣ አልዋሽሽም። ግን እዚያው ኮረሪማው ጆንያ ላይ ቁጭ ብላ እንደዚያ ስታለቅስ ምን ላድርጋት? ውሃ ሰጥቼ፣ ፊቷን አስታጥቤ፣ ታክሲ አሳፈርኳት።»

ሊዲያ በዚያ ቅዳሜ «ጓደኛዬ ቤት ላጥና» ብላኝ ነበር የወጣችው።

«አንቺ ሰልፍ ላይ የተናገርሽውንም ሰምቻለሁ» አለች ወይዘሮ አየለች። «ሰፈሩ ሁሉ ነግሮኛል። አስቴር ግን ከአንቺ አልሰማችም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤት ናት። ለእኔ ብለሽ እንዳትመጪ፤ ለእሷ ነይ።»

ሲስተርን አብረን እንሂድ ብዬ ለመንኳት። «አይሆንም» አለች። «እኔ ካለሁ የምታወሪው ለእኔ ነው።»

እሑድ ብቻዬን ሄድኩ። ቤታቸው ከቀራንዮ ገበያ በላይ፣ አዲስ ፎቅ እየተሠራ ባለበት ቅያስ ውስጥ ነው። አስቴር አድጋለች። ሰላም አለችኝና ፊት ለፊቴ ልትቀመጥ ስትል ወንበሬን አንስቼ ጎኗ አደረግኩት። ሁለታችንም ወደ በሩ እናያለን።

«አስቴር፣ ይቅር...» ብዬ ስጀምር «ቲቸር፣ መጀመሪያ እኔ ላውራ?» አለች።

አወራች። ያቺ ዝምተኛ ልጅ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራች። ሥሮቹ እየደረቁ እንደነበር፣ ውሃ ከቧንቧው እንዳመጣች፣ አሥራ አንዱን መልሳ ተክላ አሥራ ሁለተኛውን ስትይዝ ዘበኛው እንደመጣ። አዲሱ ትምህርት ቤት ስትገባ ክፍል ውስጥ እጇን ማውጣት እንዳቆመች፤ መልሱን እያወቀችው «ባያምኑኝስ?» እያለች ዝም እንደምትል። እኔ «ከዚያስ?» ከማለት በቀር አልተነፈስኩም። በመጨረሻ እንዲህ አለችኝ፦

«ያን ቀን ወደ ቢሮ ሲጠሩኝ ሊያመሰግኑኝ መስሎኝ ነበር።»

በሥራ ዘመኔ ከሰማሁት ሁሉ እንደዚህ የከበደኝ ነገር የለም።

ከዚያ የነገረችኝን መልሼ ነገርኳት። «በጣሳ ውሃ እያመጣሽ...» ስል «በጣሳ አይደለም፣ በእጄ ነው» ብላ አረመችኝ። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ «አልተናደድኩም፣ አፍሬ ነው» አለችኝ። አስተካከልኩ። ስጨርስ ትንሽ አሰበችና «አዎ፣ እንደዚህ ነው» አለች። ያኔ ይቅርታ ጠየቅኳት። «እሺ» አለች። ሌላ ነገር አላለችም። እኔም አልጨቀጨቅኳትም። እናቷ ምሳ አቀረበች፣ በላን። ከዚያ ቤት ስወጣ ይቅር ብዬሻለሁ ያለኝ ሰው የለም፤ ግን ልጄ እውነቱን ከነገረችኝ ጊዜ ጀምሮ ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ትንሽ ነቅነቅ ብሎ ነበር።

የመልቀቂያ ማመልከቻውን ቀደድኩት። ከዚያ በኋላ በእኔ ዘመን አንድም ልጅ ሰልፍ ላይ ቆሞ ይቅርታ አልጠየቀም። ወንበሬን ከጠረጴዛው ኋላ አወጣሁት። ቁልፍ መትከል ግን አልሆነልኝም፣ ጣቴን እወጋለሁ፤ እኔ የልጆቹን እርሳስ እቀርጽ ነበር። ርዕሰ መምህሩ እንደፈሩት ተማሪው እኔን መፍራት ተወ። በዚያው ልክ ድሮ የማይመጡ ልጆች ራሳቸው መምጣት ጀመሩ፣ «ቲቸር፣ አንድ ነገር አጥፍቻለሁ» እያሉ።

አገሩ ታምሶ በነበረበት ጊዜ ደግሞ ልጆች ከቤት የሰሙትን ይዘው መጥተው በዴስክ ተለያዩ። ለዓመታት ምሳ አብረው የበሉ ልጆች ሰላምታ ተከለካከሉ። ወላጆቻቸውንም ጭምር ጠርተን ማስታረቁ ከአንድ ወር በላይ ፈጀብን። ያው የሲስተር ዘዴ ነው፤ የራስህን አትንገረኝ፣ የእሱን ንገረኝ። አንድ አባት «የእሱን አላውቅም» ብሎ ተነሳ። «ሳያውቁት ነው የተጣሉት?» አልኩት። ተመልሶ ተቀመጠ። ሁሉም አልታረቁም። ሁለት ቤተሰብ ልጆቹን አስወጥቷል። የቀሩት ግን በዚያው ዓመት መጨረሻ ምሳቸውን አብረው ይበሉ ነበር።

ሲስተርን ማኅበሯ ወደ አገሯ አዛወራት። አሁን አርጅታለች፤ ጆሮዋ ደክሟል። ስደውልላት እጮኻለሁ፣ እሷም ትጮኻለች፣ ሁለታችንም ምን እንደተባባልን በደንብ ሳናውቅ ተሳስቀን እንዘጋለን።

ሊዲያና አስቴር እንደድሮው አንድ ነፍስ አልሆኑም። መጀመሪያ መንገድ ላይ ሰላም ተባባሉ። ለአሥረኛ ክፍል ፈተና አብረው አጠኑ። ዛሬ ሊዲያ የሁለት ልጆች እናት ናት፣ አስቴር ፋርማሲስት ናት፤ ይደዋወላሉ፣ አንዷ ሲከፋት ሌላዋ ትሄዳለች። ወይዘሮ አየለች ደግሞ ለእኔ ከእህት አትተናነስም፤ አየር ጤና ከሄድኩ ሱቋ ሳልቀመጥ አልመለስም።

የሸኙኝ ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ጋቢ አለበሱኝ፣ አዲሱ ርዕሰ መምህር ጥሩ ጥሩ ነገር ተናገሩ። ሊዲያና አስቴር ዕቃዬን ሊሸከሙልኝ መጥተው ነበር። ሲያልቅ ሦስታችን ካርቶኖቹን ይዘን ፌርማታው ጋ ቆምን። ሊዲያ ታክሲ ፍለጋ ወደ አስፋልቱ ራቅ አለች። እኔና አስቴር ብቻ ስንቀር፣ ለብዙ ዓመታት አፌ ላይ ደርሶ የሚመለሰው ነገር አመለጠኝ።

«አስቴር፣ ይቅር ብለሽኛል?»

ዞራ አየችኝ። በእውነት ነው የገረማት።

«ቲቸር! እስካሁን እየጠበቁ ነበር እንዴ?»

«ያን ቀን እሺ ብቻ ነው ያልሽኝ።»

ካርቶኑን መሬት አስቀመጠች።

«ያን ቀን ይቅር አላልኩዎትም፤ እውነት ነው» አለች። «መቼ እንደሆነ ግን እኔም አላውቀውም። አሥራ አንደኛ ክፍል ሆኜ ይመስለኛል። ቤት ውስጥ የእርስዎ ስም ተነሳ። እንደ ልማዴ ልናደድ ፈለግኩ። ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት።»

«ታዲያ ምነው አልነገርሽኝ?»

«ያወቁ መስሎኝ ነዋ!»

ሳቄ መጣ። እየሳቅኩ እንባዬም መጣ፣ በጋቢው ጠረግኩት። ሊዲያ «ኑ፣ ኑ፣ ሊሞላ ነው!» እያለች ከወዲያ ትጠራናለች። አስቴር ካርቶኑን በአንድ እጇ፣ እኔን በሌላው ይዛ አስፋልቱን አሻገረችኝ፤ ከኋላ ወንበር ላይ ሦስታችንም ተጣብቀን ተቀመጥን።